የሃያ ሦስት ወር ምንዛሬ

በሕይወቴ ሰውን በአደባባይ ሌባ ያልኩት አንድ ቀን ብቻ ነው። ያን ቀን እጄ ላይ ማስረጃ ነበረኝ። ከባንክ የተገለበጠ፣ አንድ ቁጥር ያልተዛነፈ ማስረጃ። ደብተሩ አሁንም ቤቴ አለ፤ ብታዩት ስሕተት አታገኙበትም። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። እንዴት እንደሆነ ከመጀመሪያው ላጫውታችሁ።

ያኔ ወረታ ካሉት የሩዝ መፈልፈያዎች በአንዱ ሚዛን ላይ እሠራ ነበር። ዛሬም እዚያው ነኝ። ገበሬው ከፎገራ ሜዳ ሩዙን በጆንያ ጭኖ ይመጣል፤ እኔ መዝኜ እጽፋለሁ። ሚዛን ላይ የቆመ ሰው ጠርጣራ ይሆናል። ክብደት እንዲያነሣ ውሃ የተርከፈከፈበት ጆንያ አይቻለሁ፤ መሐሉ አፈር የሆነም አይቻለሁ። እጄን እስከ ክርኔ ሳልሰድ ጆንያ ተቀብዬ አላውቅም። ሰዎች "ሙሉቀንን ማታለል አይቻልም" ሲሉኝ ደስ ይለኝ ነበር።

አባታችን መሪጌታ ናቸው። ከወረታ ወጣ ብላ ባለች ደብር ዕድሜያቸውን ሙሉ ዜማ ሲያስተምሩ ኖረው፣ አሁን ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶት ቤት ውለዋል። እናታችን ቀደም ብላ አርፋለች። ታናሽ እህቴ ብርቱካን ከስድስት ዓመት በፊት በኮንትራት ለቤት ሠራተኝነት ሪያድ ሄደች። አባባ መሄዷን አልወደዱትም ነበር። "እንደ ሄድሽ ተመለሽ፤ ሌላ አልልሽም" ብለው ነው የሸኟት።

መጀመሪያ ላይ ገንዘቡን በባንክ ነበር የምትልከው። እኔ ተቀብዬ ለአባባ አደርሳለሁ። የምትልከው ሪያል ያው ሆኖ እንኳ እዚህ የሚደርሰው ብር ይለያያል። አንድ ሰሞን ሪያሉ በአስራ ሁለት ብር ይመነዘር ነበር፣ ቆይቶ አስራ አራት ገባ፣ ከዚያ አስራ አምስት። ባንኩ የሚሰጠኝን ወረቀት ሁሉ በአንድ ፖስታ አስቀምጥ ነበር። የመጨረሻው ወረቀት ላይ አራት መቶ ሪያል፣ ስድስት ሺህ ብር ገደማ ይላል።

ከዚያ ኔትወርክ የሚቋረጥበት፣ መንገድ የሚዘጋበት፣ ባንኩም ሲከፈት ሲዘጋ የሚውልበት ጊዜ መጣ። ለሁለት ወር ያህል ከብርቱካን ምንም ሳንሰማ ቆየንና አንድ ቀን አንዲት ሴት አባባ ቤት መጣች። ጥሩወርቅ ትባላለች፤ እዚሁ ቅርባችን ይፋግ ላይ የልብስ ሱቅ አላት። እሷም ሪያድ ሠርታ የተመለሰች ናት። እዚያ ሳለች ከእህቴ ጋር ጎረቤት ስለነበሩ ስሟን ከብርቱካን አፍ ሰምተን እናውቃለን።

"ባንኩ ስላስቸገራት ከእንግዲህ በእኔ በኩል እጅ በእጅ ትልካለች" አለችና ስድስት ሺህ ብር ለአባባ ሰጠቻቸው። ከዚያ ስልኳን አውጥታ የተቀዳ የብርቱካንን ድምፅ አሰማቻቸው። "አባባ፣ ደህና ነኝ። ይጸልዩልኝ" ይላል። አባባ አለቀሱ።

እንዲህ እየሆነ ሃያ ሦስት ወር አለፈ። ጥሩወርቅ በየወሩ አንዴ ትመጣለች፣ ብሩን ትሰጣለች፣ የተቀዳ ድምፅ ታሰማለች፣ ተቻኩላ ትሄዳለች።

ነገሩ የተቀሰቀሰው ባለፈው ኅዳር ነው። ሩዝ የሚታጨድበት፣ እኛም ቀና ማለት የማንችልበት ጊዜ ነበር። ልጁ ጅዳ የምትሠራ አንድ ገበሬ ሩዙን እያስመዘነ ጨዋታ ጀመረ።

"የኔዋ ልጅ ደሞዟ አልጨመረም፤ ያንኑ ሪያል ነው የምትልከው" አለኝ። "ብቻ ብሩ በገበያ ይወሰን ከተባለበት ከዚያ ሐምሌ ወዲህ እዚህ ሲደርስ እጥፍ፣ ከእጥፍም አልፎ ይቆየኛል። ለእናንተስ ስንት ይደርሳችኋል?"

"ስድስት ሺህ።"

"ድሮስ?"

መልሱን አፌ ላይ ዋጥኩት። ድሮም ስድስት ሺህ ነበር።

ያን ቀን የመዘንኩትን እንዴት እንደመዘንኩት አላውቅም። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ጥሩወርቅ ያደረገችው ሁሉ ሌላ መልክ ያዘ። ከብርቱካን ጋር በቀጥታ አገናኚኝ ባልኳት ቁጥር "ማዳሟ ስልክ ቀምታታለች፤ አጋጣሚ ስታገኝ ብቻ ነው ድምፅ የምትልክልኝ" ትለኛለች። አንዴ በይፋግ ሳልፍ ሳልነግራት ሱቋ ብገባ ብድግ ብላ የጓዳውን መጋረጃ ስባ ዘጋችው። ፊቴንም ቀና ብላ አታየኝም። እነዚህን ነገሮች ያኔ እንደ ዘበት አልፌያቸው ነበር። አሁን ግን አንድ በአንድ እያነሣሁ አገላብጣቸው ጀመር።

አባባ ዘንድ ሄድኩ።

"አባባ፣ ይቺ ሴትዮ ብሩን ቆጥራ ስትሰጥዎ ምን ትላለች?"

"ምን ትላለች? 'ልጅዎ ልካለች፣ እንኳን ደረሰልዎ' ትላለች። ምነው?"

"ጨምራ አታውቅም?"

"ልጄ፣ ምኑን ነው የምትጨምረው? ይህንንስ ማን አየብኝ!"

ለአባባ ምንም አልነገርኳቸውም። በማግስቱ ከሥራ ፈቃድ ጠይቄ ወረታ ወደሚገኘው ባንክ ሄድኩ። መስኮቱ ላይ የነበረችው ልጅ ምን እንደምፈልግ ስነግራት እጇ ከኮምፒዩተሩ ላይ ቆመ።

"ከዚህ መስኮት የሚጠየቀው የዛሬው ምንዛሬ ነው" አለች። "የሁለት ዓመቱን ለምን ፈለግኸው?"

"ለግል ጉዳይ ነው።"

"ምንዛሬ ትሠራለህ?"

"ሩዝ ነው የምመዝነው።"

አላመነችኝም። ኃላፊዋን ጠራች፣ እሱም መታወቂያዬን ጠየቀ፣ ፎቶዬን ከፊቴ ጋር እያስተያየ ቆየ። ጥበቃው ሳይቀር ጠጋ ብሎ ከኋላዬ ቆመ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ይከፋኝ ነበር፤ ያን ቀን ግን እኔም እንደነሱ ተጠራጣሪ ስለነበርኩ ገባኝ። ጉዳዩ የእህቴ መሆኑን ከነገርኩት በኋላ ኃላፊው "ምስጢር እኮ አይደለም፤ አንብቢለት" አላት። እሷ እያነበበች እኔ ጻፍኩ። ጥሩወርቅ ገንዘብ ያመጣችባቸውን ቀናት አስታውሼ ይዤ ስለነበር ሃያ ሦስቱንም ቀን በሃያ ሦስት መስመር ሞላሁ። ከእነሱ በላይ ባለው ገጽ ደግሞ ከድሮዎቹ ወረቀቶች የባንኩን ምንዛሬ ገለበጥኩ።

የመጀመሪያዎቹ ወራት መስመሮች ሁሉ አስራ አምስት ብር ከሳንቲም ናቸው፤ ሳንቲሟ ብቻ ትነቃነቃለች። ሐምሌ ላይ ቁጥሩ ዘለለ። ከዚያ ወዲያ መቆሚያ የለውም፤ ሃያን አለፈ፣ ሠላሳን አለፈ፣ መጨረሻው መስመር ላይ ወደ አርባ ተጠግቷል። ከእያንዳንዱ መስመር ፊት ለፊት ለአባባ የደረሰውን ጻፍኩ። ስድስት ሺህ። ስድስት ሺህ። ስድስት ሺህ። ሃያ ሦስት ጊዜ። ልዩነቱን ስደምረው ጥንድ በሬ የሚገዛ ገንዘብ ነው።

በነጋታው የይፋግ ገበያ ነበር። ሙግት ሲነሣ የሚጠሩትን የሰፈራችንን ሽማግሌ አያ ደሴን፣ ከእሳቸውም ጋር አንድ ሌላ ሽማግሌ ይዤ በሚኒባስ ተነሣን። የርብ ወንዝን ድልድይ እስክንሻገር ድረስ ደብተሩን ሦስቴ ከፍቼ አየሁት። አያ ደሴ "እስቲ ልጄ፣ ረጋ በል፤ መጀመሪያ እንጠይቃት" አሉኝ። እኔ ግን የምጠይቀው ነገር አልነበረኝም፤ አውቄዋለሁ ብዬ ነበር።

ሱቋ በር ላይ የልጆች ቀሚስ ተሰቅሏል፤ የፕላስቲክ ጫማ ተደርድሯል። ስንቃረብ ከመጋረጃው ጀርባ የስፌት መኪና ሲንቀጠቀጥ ይሰማ ነበር። ድምፄን ከፍ አድርጌ ሰላም ስል መኪናው ቀጥ አለ።

"እታለም ጥሩወርቅ፣ እንደምን ዋልሽ?"

"እግዜር ይመስገን። ምነው፣ መሪጌታ አመማቸው እንዴ?" ፊቷ ልውጥ አለ።

"ደህና ናቸው። የመጣነው ለሌላ ጉዳይ ነው።"

ለአያ ደሴ በርጩማ ስባ ሰጠቻቸው፤ ተቀመጡ። "ልጄ፣ ነገሩ ሳይካረር እዚሁ እንጨርሰው ብለን ነው" አሏት። እኔ ደብተሩን ለሽያጭ በተዘረጋው ጨርቅ ላይ ገለጥኩት።

"እህቴ በወር ስንት ሪያል ነው የምትልክልሽ?"

"እንደ ድሮው ነዋ።"

"አራት መቶ?"

"አዎ፣ አራት መቶ።"

"በስንት ትመነዝሪዋለሽ?"

ዓይኗ ወደ በሩ፣ ከበሩ ወደ ደብተሩ ዞረ። "በአስራ ሁለት" አለች በመጨረሻ።

ሳቄ መጣ። "አራት መቶ በአስራ ሁለት ቢመታ እኮ አራት ሺህ ስምንት መቶ ነው! ታዲያ ስድስት ሺህ ለመሙላት የጎደለውን ከኪስሽ ነበር የምትጨምሪልን?"

ልብስ ሊገዙ የገቡ ሁለት ሴቶች ሳቁ። ሰው በሩ ላይ ይሰበሰብ ጀመር። ይህ አበረታኝ። መስመሮቹን በጣቴ እየወረድኩ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። "ዛሬ ባንኩ ራሱ ወደ አርባ ብር ነው የሚመነዝረው። እጅ በእጅ ደግሞ ከዚያም ይበልጣል። ለአባቴ አስራ ስድስት ሺህ ገደማ መድረስ ነበረበት። የቀረው የት ገባ?"

መጋረጃው ትንሽ ተንቀሳቀሰ። ጥሩወርቅ ቶሎ ብድግ አለችና ጀርባዋን ለመጋረጃው ሰጥታ ቆመች።

"በላሁት" አለች።

አያ ደሴ ጆሯቸውን ያመኑ አልመሰሉም። "ምን አልሽ?"

"በላሁት አልኩ። ችግር ነበረብኝ። እከፍላለሁ። እባካችሁ አሁን ሂዱልኝ።"

"ሌባ!" አልኳት። በሩ ላይ ወዳለው ሰው ዞሬም ደገምኩት። "በሰው አገር የሰው ቤት የሚጠርጉ ልጆችን ላብ የምትበላ ሌባ!"

በሁለት እጇ የመጋረጃውን ዳርና ዳር ይዛ ቆማለች። ሽማግሌዎቹ በሚቀጥለው ገበያ መክፈል እንድትጀምር ቃሏን ተቀበሉና ወጣን። ሳንርቅ ወሬው ቀድሞን ነበር። በአጠገባችን ያለፈች አንዲት ሽንኩርት ነጋዴ ለጓደኛዋ "እኔስ ድሮም አትጥመኝም" ስትል ሰማሁ።

ሚኒባሱ እስኪሞላ መናኸሪያው ላይ ቆምን። ድል ያደረግሁ ነው የመሰለኝ። አያ ደሴ ግን አንገታቸውን ደፍተው በከዘራቸው መሬቱን ይጭራሉ።

"እኔ በዕድሜዬ ብዙ ሰው አፋጥጫለሁ" አሉ። "የበላ ሰው መጀመሪያ ይክዳል፣ ቀጥሎ ይቆጣል፣ ከዚያ ይምላል። ይቺ አንዱንም አላደረገችም።"

"ማስረጃ ስላየች ነዋ።"

"ይሆናል" አሉ፤ ግን እንዳልተዋጠላቸው ያስታውቃል።

እኔንም አንድ ነገር ይቆረቁረኝ ጀመር። ጥሩወርቅ በአምስት ብር የምትከራከር ነጋዴ ናት። "የእጅ በእጁ ሰውዬ የራሱን ይቆርጣል" ብትል፣ "ብርቱካን ቀንሳ ነው የምትልከው" ብትል ምን እመልስላት ነበር? ደግሞስ ያ አስራ ሁለት ከየት መጣ? በምንዛሬ የሚሰርቅ ሰው ከሁሉ በፊት የዕለቱን ምንዛሬ ያውቃል፤ የሚሰርቀው ከእሱ ላይ ነውና። ደብተሩን ገለጥኩ። በሃያ ሦስቱ መስመር ውስጥ አስራ ሁለት የሚል የለም። ያገኘሁት በላይኛው ገጽ፣ ከድሮዎቹ ወረቀቶች መካከል ነው። ብርቱካን በሄደች በሁለተኛው ዓመት። ጥሩወርቅም ገና ሪያድ የነበረችበት ጊዜ። ሴትዮዋ የነገረችኝ ራሷ ወደ አገር ቤት ስትልክ የምታውቀውን የመጨረሻውን ምንዛሬ ነበር። ከዚያ ወዲህ አንድ ሪያል በእጇ አልገባም ማለት ነው።

ሪያል ካልገባ ብርቱካን አልላከችም። ብርቱካን ካልላከች ብርቱካን የት ናት?

ሃያ ሦስት ወር ሙሉ አንድም ቀን በቀጥታ አላነጋገርናትም። የተቀዳ ድምፅ ብቻ። የተቀዳ ድምፅ ሰው ከሞተ በኋላም ይሰማል። አባባ ሽማግሌ ናቸው፤ መርዶ አይችሉም ተብሎ ተደብቆ ይሆናል። ሴትዮዋ ከኪሷ እየከፈለች...

"አያ ደሴ፣ እዚሁ ይጠብቁኝ" ብዬ ሮጥኩ።

ሱቁ ተዘግቷል። በጠራራ ፀሐይ፣ በገበያ ቀን። ከውስጥ የሚያለቅስ ሰው ይሰማኛል። በሩን በመዳፌ ደበደብኩት።

"ማነው?"

"እኔ ነኝ፣ ሙሉቀን።"

"እከፍላለሁ አልኩህ እኮ! ምን ቀረህ? ሂድልኝ!"

"ብሩን አልፈልግም። አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ፣ እሄዳለሁ።" ግንባሬን በሩ ላይ አስደገፍኩ። "እታለም፣ እህቴ ሞታለች ወይ?"

ልቅሶው ቆመ። ከጥሩወርቅ ኋላ ከጓዳው ሌላ ድምፅ መጣ።

"አልሞትኩም፣ ወንድምዓለም።"

በሩ ሲከፈት የማየው እውነት አልመስል አለኝ። ብርቱካን ከመጋረጃው ወጥታ ቆማለች። ከስታለች፣ አንገቷ ላይ የልብስ ሜትር ተንጠልጥሏል፤ ቀሚሷን ይዛ አንዲት እግር ያወጣች ሕፃን ከታች ትመለከተኛለች። የኛን እናት ግንባር አየሁባት። ምን እንዳልኩ አላስታውስም። የማስታውሰው ብርቱካን አንገቴ ላይ ተጠምጥማ ስታለቅስ የጨርቅ ክር ከእጅጌዋ ወደ አፌ መግባቱን ነው።

ታሪኩን ያኔ በጥቂት ቃል ነው የነገረችኝ፤ እኔም ከዚያ በላይ አልነግራችሁም። የአሠሪዋ ወንድም ነው። በግድ ነው። ከዚያ ቤት አምልጣ መጠለያ ገባች፣ ከሌሎች ተመላሾች ጋር አዲስ አበባ አደረሷት፤ አምስት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። ወደ ቤት ልትመጣ እስከ ወረታ ድረስ ደርሳ ነበር። መናኸሪያው ላይ ስትወርድ አባባ "እንደ ሄድሽ ተመለሽ" ያሏት ነገር ትዝ አላትና እዚያው ወደ ይፋግ የሚሄድ መኪና ተሳፈረች። ከዚያን ቀን ጀምሮ በጥሩወርቅ ጓዳ ውስጥ ናት። በሩ ላይ የተሰቀሉትን የልጆች ቀሚሶች የምትሰፋው እሷ ናት።

"ብሩስ?" አልኳት።

"ከስፌቱ ነዋ። አባባ እንዳይጠረጥሩ መጨረሻ የደረሳቸውን ያህል እልክ ነበር። የጎደለኝ ወር እታለም ትሞላልኛለች።" ቀና ብላ አየችኝ። "ሪያሉ ወጣ ሲባል እኔም እሰማ ነበር፣ ወንድምዓለም። ግን ከየት አምጥቼ ልጨምር? የኔን ስፌት በሪያል የሚከፍለኝ ሰው የለም።"

ከኪስሽ ነበር የምትጨምሪልን ብዬ ሰው ያሳቅሁት ትዝ አለኝ። ጥሩወርቅን ማየት አቃተኝ። እሷ የወደቀ ጨርቅ እያነሣች ታጣጥፋለች።

"ለምን በላሁት አልሽ?" አልኳት።

"ምን ልበልህ ታዲያ? ሽማግሌ ይዘህ መጥተሃል፤ በሩ ላይ አገር ተሰብስቧል። ሌላ የምለው ነገር እዚህ መጋረጃ ኋላ ነው ያለው።"

ብርቱካን ይህን ስትሰማ ሕፃኗን አንሥታ በጀርባዋ አዘለች፤ ነጠላዋን አጣፋች።

"የት ልትሄጂ ነው?" አለቻት ጥሩወርቅ ደንግጣ።

"እወጣለሁ።"

"ኧረ በማርያም! የኔ ስም ቀስ ብሎ ይስተካከላል። እኔ ነጋዴ ነኝ፤ ብዙ ተብያለሁ። ዛሬ አይሁን፣ በዚህ ገበያ መሐል አይሁን።"

"ስምሽን ያጠፉት በዚህ ገበያ መሐል ነው። በዚሁ ይመለስ።"

ጥሩወርቅ በሩ ላይ እጇን ዘርግታ ቆመች። ብርቱካን እጇን ይዛ ሳመችውና ዝቅ አደረገችው። እኔ አላገዝኳትም፣ አልከለከልኳትምም። ደብተሬን ብብቴ ውስጥ አድርጌ ከኋላዋ ተከተልኩ።

ሱቁ ፊት ለፊት ያሉት ነጋዴዎች ሁለት ዓመት ያህል አጠገባቸው ስትኖር መልኳን አጥርተው አይተውት አያውቁም ነበር። መናኸሪያው ድረስ በገበያው መሐል ሄደች። አያ ደሴ ከሩቅ ሲያይዋት ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሡ። ከልጅነቷ ጀምሮ ያውቋታል።

"ብርቱካን? የመሪጌታ ልጅ? መቼ ገባሽ ልጄ?"

"ከገባሁ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው፣ አያ ደሴ።" ድምፅዋ መጀመሪያ ተንቀጠቀጠ፤ ከዚያ እየጠራ ሄደ። ሰው ከበባት። "ለአባባ ብሩን የምልከው እኔ ነኝ፤ እዚሁ ይፋግ ሆኜ፣ ልብስ እየሰፋሁ። ሪያል የሚባል ነገር የለም። እታለም ጥሩወርቅ ከኔ አንድ ሳንቲም አልነካችም። አብልታኛለች፣ አስወልዳኛለች፣ አርሳኛለች። ይቺ ልጄ ናት። ሌባ የተባለችው እኔን ለመደበቅ ነው። እናንተም ሰምታችኋልና እንደ ሰማችሁት ይህንንም ንገሩ።"

አያ ደሴ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ከዚያ ወደ ሱቁ ሄደው ጥሩወርቅ ፊት ዝቅ ብለው ይቅርታ ጠየቁ፤ እሷ እሳቸውን ለማንሣት ስትታገል እኔም ከጎናቸው ተንበረከክሁ። ያቺን ሽንኩርት ነጋዴ ቀና ብዬ ስፈልጋት አጣኋት።

አባባ ቤት የደረስነው ፀሐይ ሳትጠልቅ ነው። እኔ ቀድሜ ገብቼ ነገርኳቸው፣ ሁሉንም። አባባ መደባቸው ላይ እንደ ተቀመጡ ናቸው። ብርቱካን ደጃፉ ላይ ወድቃ እግራቸው ድረስ በጉልበቷ መጣች። እኔ እንደሚቆጧት ጠብቄ ነበር፤ እሷም ጠብቃ ነበር።

"ከዚህ ይፋግ" አሉ በመጨረሻ፣ "ጠዋት የተነሣ ሰው ለምሳ የሚመለስበት አገር። ሁለት ዓመት ሙሉ እዚያ ሆነሽ ድምፅሽን በስልክ ስታሰሚኝ... ይህን ያህል ፈራሽኝ?"

"አባባ..."

"እኔን ነው የምጠይቀው፤ አንቺን አይደለም።" እጃቸውን ወደ ፊት ዘረጉ። "ሕፃኗ የታለች?"

አቀረብኩላቸው። ፊቷን በጣታቸው ዳሰሱት፤ ግንባሯ ላይ ሲደርሱ እጃቸው ቆየ። እሷ ጢማቸውን ያዘች።

"ክርስትና ተነሥታለች?"

"በሰማንያ ቀኗ፣ እዚያው ይፋግ። እታለም ናት ክርስትና እናቷ።"

"ስሟን ንገሪኝ፤ በጸሎት ላስባት።"

ነገረቻቸው። አባባ ስሙን በለሆሳስ ደግመው አማተቡ። ከዚያ በኋላ ነው ማልቀስ የጀመሩት።

ይህ ሁሉ ከሆነ ገና አንድ ዓመት አልሞላም። ሁሉም ነገር ተስተካከለ ብዬ አልዋሻችሁም። ከአባባ የቀድሞ ተማሪዎች አንዳንዶቹ ከዚያ ወዲህ ቤታቸው መምጣት አቁመዋል። ብርቱካን ወንዶች ባሉበት መንገድ ብቻዋን አትሄድም። የምትኖረው ከአባባ ጋር ነው፤ የስፌት መኪናዋንም ወደዚያ አመጣን፤ ሥራዋን ግን የምትሸጠው አሁንም በጥሩወርቅ ሱቅ ነው። እኔ ሥራ በማይበዛበት የገበያ ቀን ይፋግ እሄድና ሱቁ በር ላይ በርጩማ ስቤ እቀመጣለሁ። ምንም አልሠራም። ያን ቀን ሌባ ስላት የሰማ ሰው ሁሉ አጠገቧ ተቀምጬ እንዲያየኝ ነው።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ምናልባት እናንተም ስለ አንድ ሰው የያዛችሁት ደብተር ይኖራችሁ ይሆናል። መጠርጠር ኃጢአት ነው አልላችሁም፤ እኔ ባልጠረጥር ኖሮ እህቴ ዛሬም ከዚያ መጋረጃ ኋላ ነበረች። የምለምናችሁ አንድ ነገር ብቻ ነው። ሽማግሌ ከመያዛችሁ በፊት፣ ሰው ከመሰብሰቡ በፊት፣ መጀመሪያ ብቻችሁን ሂዱና ጠይቁ። ሰው እውነቱን ለአንድ ሰው ይነግር ይሆናል፤ ለተሰበሰበ ገበያ ግን መስማት የሚፈልገውን ይሰጠዋል። እኔ ብቻዬን ሄጄ ቢሆን ያቺ ሴት ያንን ቃል ባልተናገረች ነበር።

በቅርቡ ይህንኑ ለጥሩወርቅ ነገርኳት። ይቅርታዬን ለስንተኛ ጊዜ እንደሆነ አላውቅም ደገምኩላት። ቀሚስ እያጣጠፈች ሰማችኝና እንዲህ አለችኝ።

"ያን ቀን ስትጮህብኝ እህትህ ከኋላዬ ቀሚሴን ይዛ ታለቅስ ነበር። ስለ ስድቡ መስሎኝ ነበር። ኋላ ስጠይቃት ምን እንዳለችኝ ታውቃለህ? 'ሁለት ዓመት ሙሉ የረሱኝ ነበር የሚመስለኝ፤ ለካ ስለ ላቤ የሚጮህልኝ ወንድም አለኝ' አለችኝ።"